ጅማ ውስጥ የጋዝ ማሞቂያ የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋ ባለሙያ ለምትፈልጉ

ጅማ ላይ ጫጩት እያሳደጋችሁ በጋዝ የሚሠራ የኢንፍራሬድ ማሞቂያ የምትጠቀሙ ካላችሁ፣ ይህን አስተያየት አንብቡልኝ። የምመዝነው ማሞቂያውን አይደለም። የኤሌክትሪክ መስመሩን እንደገና የሠራልንን ባለሙያ ነው። እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ አለው። እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ደንበኛ ቤት ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ትንሽ ላስረዳ። ሙቀቱ የሚመጣው ከሲሊንደር ጋዝ ነው። እሳቱ የሴራሚኩን ገጽ ያግለዋል፤ የጋለው ገጽ ደግሞ ሙቀቱን እንደ ፀሐይ ቁልቁል ይለቀዋል። ከአየሩ በፊት ጫጩቱንና ወለሉን ያሞቃል። የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ይፈልጋል። ከዚያ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ዲግሪ እየቀነሱ መሄድ ነው። የጅማ ሌሊት በኅዳርና በታኅሣሥ ይበርዳል። ማሞቂያው ሌሊት ላይ ቀጥ ካለ፣ ጠዋት የምታገኙት ጥግ ላይ ተደራርቦ የታፈነ ጫጩት ነው።

ኤሌክትሪኩ የሚያስፈልገው ለትንሽ ሥራ ነው። ለመለኮሻው፣ ጋዙን ለሚከፍተውና ለሚዘጋው ቫልቭ፣ ሙቀቱን እየለካ ለሚያበራና ለሚያጠፋው ቴርሞስታትና ለመቆጣጠሪያ ሳጥኑ። የሚወስደው ኃይል ትንሽ ስለሆነ ባለሙያውም ባለቤቱም ይንቁታል። መጀመሪያ እኛ ጋ የሠራው ሰው ሽቦውን ጠምዝዞ፣ ናስትሮ ጠቅልሎበት ነው የሄደው። ገመዱን ደግሞ ከማሞቂያው በላይ በምስማር አስሮ አሳለፈው። ተራ የፒቪሲ ገመድ የሚችለው 70 ዲግሪ ድረስ ነው። የሴራሚኩ ገጽ ሲግል ወደ 900 ዲግሪ ይጠጋል፤ የተቃጠለው ጋዝ ትኩሳትም ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ልባሱ ቀስ በቀስ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ሽቦው ራቁቱን ይቀራል።

ያኔ መከራችንን ያበላን ግን ሌላ ነገር ነው። ማሞቂያው ይለኮሳል፣ ጥቂት ሰከንድ ይነዳል፣ ከዚያ ጠፍቶ ቀይ መብራት ያበራል። ደግመን ብንለኩሰውም ያው ነው። ያ ሰው «ጋዙ ነው» አለ፤ ሲሊንደር ቀየርን። «ሬጉሌተሩ ነው» አለ፤ ሬጉሌተር ገዛን። መጨረሻ ላይ «እሳቱን የሚቆጣጠረውን ነገር እንዝለለውና ቀጥታ ይሥራ» አለ። በዚህ ጊዜ ባለቤቴ ሒሳቡን ከፍሎ አሰናበተው። ልክ አደረገ። ያ መቆጣጠሪያ ከተዘለለ እሳቱ ቢጠፋም ጋዙ መፍሰሱን አያቆምም። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ በኖ አይሄድም፣ ወለል ላይ ይተኛል። የእኛ ወለል ላይ ያለው የደረቀ የቡና ገለባ ነው።

አዲሱ ልጅ ሲመጣ ማሞቂያውን አልነካውም። ቀጥታ ወደ ቆጣሪው ሄደ። ቴስተሩን አውጥቶ በፌዝ (ኃይሉን በሚያመጣው ሽቦ) እና በኒውትራል (በመመለሻው ሽቦ) መካከል ለካ፤ 220 ቮልት አካባቢ አሳየ። ማሞቂያው ጋ ሄዶ በፌዝና በኧርዝ (ከመሬት ጋር በሚያያዘው ሽቦ) መካከል ሲለካ ግን ቁጥሩ ይዋዥቃል፣ አይረጋም። የማገናኛ ሳጥኑን ከፈተው። አረንጓዴና ቢጫው የኧርዝ ሽቦ ተቆርጦ፣ ጫፉ በናስትሮ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከምንም ጋር አልተገናኘም። «እትዬ፣ ጋዙ ምንም አልሆነም። ችግሩ ይኸውልዎት» አለኝ።

ያስረዳኝን ልንገራችሁ፤ ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነበር። መቆጣጠሪያ ሳጥኑ እሳት መኖሩን የሚያውቀው እሳቱ ውስጥ በገባች አንዲት ዘንግ ነው። ነበልባል ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። የሚያሳልፈው ግን በጣም ትንሽ ነው፣ በማይክሮአምፒር የሚለካ። ያቺ ትንሽ ኤሌክትሪክ ከዘንጓ ተነስታ፣ በነበልባሉ አልፋ፣ በማሞቂያው ብረትና በኧርዙ በኩል ትመለሳለች። መመለሻዋ ከተቆረጠ ሳጥኑ እሳት የለም ብሎ ጋዙን ይዘጋል። እሳቱ ዓይናችን እያየ ቢነድም ይዘጋዋል። ፌዝና ኒውትራል ሲገለባበጡም ብዙዎቹ ሳጥኖች እንዲሁ ያደርጋሉ። የእኛ አገር ሶኬት ደግሞ እንደፈለግን ገልብጠን የምንሰካው ነው! ስለዚህ ሶኬቱንና ዲቫይደሩን ነቅሎ ጣላቸው። ለእያንዳንዱ ማሞቂያ በቋሚነት የታሰረ፣ ፌዙንም ኒውትራሉንም አንድ ላይ የሚቆርጥ ማጥፊያ በሩ አጠገብ አደረገ። አሁን አንዱን ለማጽዳት ስንፈልግ ሌሎቹ ሥራቸውን አያቆሙም።

የኧርዙን ዘንግ ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ አፈሩን ሁሌ በሚያረጥብበት በኩል ቀበረ፤ ከቀበረም በኋላ ለካው። የጋዝ ቧንቧውን ከኧርዙ ጋር አገናኘው። «ቧንቧው ግን በኧርዝ ሽቦ ቦታ አይገባም» ብሎ ለእያንዳንዱ ማሞቂያ የራሱን ሽቦ ዘረጋ። 30 ሚሊአምፒር ሲፈስ የሚቆርጥ መከላከያ ብሬከር ገባ። ወለሉን በውኃ ስለምናጥብ ይህ ለሠራተኞቻችን ነፍስ ነው። ማሞቂያው አጠገብ ያለውን ክፍል ሙቀት በሚችል የሲሊኮን ገመድ ቀየረው፤ የቀረው በኮንዲዩት (በገመድ ማሳለፊያ ቱቦ) ውስጥ በግድግዳው በኩል ዞረ። መገናኛዎቹ ሁሉ በሞርሴቶ (ሽቦ በብሎን በሚያስር ማያያዣ) ታስረው፣ ውኃና አቧራ በማያስገባ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ገመዶቹ ሳጥኑ ውስጥ የሚገቡት ከሥር ነው፤ ከላይ የሚወርድ ውኃ ገመዱን ተከትሎ እንዳይገባ። ከዶሮ ኩስ የሚወጣው አሞኒያ መዳብ እንደሚበላ ያወቅኩት የድሮው ሽቦ ጫፍ አረንጓዴ ሆኖ ሲያሳየኝ ነው።

ቴርሞስታቱንም ከግድግዳው ላይ አውርዶ በጫጩቱ ቁመት ልክ ሰቀለው፣ ጨረሩ በቀጥታ በማያገኘው ቦታ። የፌዙን ሽቦ ነው የሚቆርጠው፤ ድሮ ኒውትራሉን ነበር የሚቆርጠው።

ጄኔሬተሩ ሌላ ጣጣ ነበር። መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ስናስነሳ ማሞቂያዎቹ እንደ ድሮው ለኮስ ጥፍት ይላሉ። ብዙ ትናንሽ ጄኔሬተሮች ላይ ኒውትራሉ ከመሬት ጋር አልተያያዘም። ስለዚህ ያቺ ትንሽ ኤሌክትሪክ ከኧርዙ ወደ ኒውትራሉ መመለሻ እንደገና ታጣለች። ልጁ ኒውትራሉን እዚያው ጄኔሬተሩ ላይ ከኧርዙ ጋር አገናኘ፤ ፌዙንም ኒውትራሉንም የሚያቋርጥ ቼንጅ ኦቨርም (ከመብራት ኃይል ወደ ጄኔሬተር መቀየሪያ) አስገባ። አሁን የጄኔሬተሩ ኃይል ወደ መንገድ መስመር የሚሄድበት መንገድ የለም። ይህን ሳታደርጉ ጄኔሬተር በሶኬት በኩል ወደ ቤት የምታስገቡ፣ እባካችሁ ተዉ። ምሰሶ ላይ የወጣ የመብራት ኃይል ሠራተኛ ሊሞት ይችላል።

ሥራውን ጨርሶም አልሄደም። የሌሊት ዘበኛችንን አጠገቡ አስቀምጦ በኦሮምኛ አስረዳቸው። ጋዝ ከሸተተ ማብሪያ ማጥፊያ አይነካም፤ ማብራትም ማጥፋትም አይቻልም፣ ባትሪ መብራትም ቢሆን እዚያ ውስጥ አይበራም። ሲሊንደሩ ይዘጋል፣ በርና መስኮት ይከፈታል፣ ሰው ይወጣል። «አባባ፣ ይድገሙልኝ» እያለ እስኪይዙት ድረስ አስደገማቸው። ብርዱን ፈርተን የአየር ማስገቢያውን እንዳንደፍነውም አስጠነቀቀን። ጋዝ ሲነድ አየሩን ይበላል።

ቅሬታም አለኝ። ቀጠሮ ላይ ይዘገያል። ሥራ ላይ ከሆነ ስልክ አያነሳም፤ ማታ መልሶ እስኪደውል መጠበቅ ነው። የመስመሩን ንድፍ በወረቀት የሰጠን ደጋግመን ከጠየቅነው በኋላ ነው፤ ይሄ ሳይጠየቅ መሰጠት ያለበት ነገር ነው። ዋጋውም ሌሎቹ ከጠየቁን እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ከዕቃው ዝርዝር ላይ ግን አንድም የሚቀነስ አላገኘሁበትም። የጋዙን ቧንቧ አይፈታም፣ አይገጥምም፤ «የጋዝ ባለሙያ ጥሩ» ነው የሚለው። አንዳንዶች ይህን እንደ ጉድለት ያወሩበታል። እኔ በጣም ወድጄለታለሁ።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ፤ አንዷን ያጎደልኩት በቀጠሮውና በወረቀቱ ነው። ልታሠሩት ካሰባችሁ ጫጩት ከማስገባታችሁ በፊት ጥሩት፤ ጫጩት ያለበት ቤት ውስጥ መስመር ማቋረጥ አይወድም። የማሞቂያውን መመሪያም ፈልጋችሁ አዘጋጁለት። የሽቦውን ሥዕል ከእሱ ላይ ሳያይ ሥራ አይጀምርም።