አንኪ ለሲቪል ሰርቪስ የውድድር ፈተና፦ ለሚሸመደደው እንጂ ለሚሰላው አይደለም

የሲቪል ሰርቪስ የውድድር ፈተናን ከባድ የሚያደርገው ስፋቱ ነው። ሕገ መንግሥት፣ ታሪክ፣ ኢኮኖሚ፣ ጂኦግራፊ፣ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች፣ ወቅታዊ ጉዳይ፣ ሁሉም በአንድ ወረቀት ላይ ይመጣል። በመጀመሪያው ወር የተነበበው አራተኛው ወር ላይ ተኖ ይጠፋል። አንኪ የተባለው የጥያቄ ካርድ ፕሮግራም የሚያቃልለው ይህንን ችግር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አለ። በኮምፒውተርም በአንድሮይድም (እዚያ ስሙ አንኪድሮይድ ነው) በነፃ ይወርዳል፤ በአይፎን አንድ ጊዜ ይከፈልበታል። ስሙን የሚመስሉ ሌሎች አፖች ስላሉ ሲያወርዱ ልብ ይበሉ፤ በየወሩ ክፍያ የሚጠይቅ ከሆነ እሱ አይደለም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከፊት ጥያቄ፣ ከጀርባ መልስ። መልሱን በልብዎ ከመለሱ በኋላ ካርዱን ገልብጠው ከአራት ቁልፎች አንዱን ይጫናሉ፦ አጌን (እንደገና)፣ ሃርድ (ከባድ)፣ ጉድ (ጥሩ)፣ ኢዚ (ቀላል)። ካርዱ ነገ ይመለስ ወይስ ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚወሰነው በዚህ ነው። ብዙ ተፈታኝ የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው፤ የረሳውን ካርድ «ከበድ ብሎኝ ነው» ብሎ ሃርድ ይጫናል። ለፕሮግራሙ ሃርድ ማለት «ታግዬ አስታወስኩት» ማለት ስለሆነ ካርዱን ያርቀዋል። መልሱ ካልመጣ አጌን ነው፤ ሌላ አማራጭ የለም።

ከቅንብሮቹ የሚነኩት ጥቂት ናቸው። ከ23.10 ስሪት ወዲህ ኤፍ.ኤስ.አር.ኤስ. የሚባል አዲስ የቀጠሮ ስልት አብሮ ይመጣል፤ ካልበራ ያብሩት። በአሮጌው ስልት አጌን በተጫኑ ቁጥር የካርዱ ማባዣ (የሚመለስበትን ጊዜ የሚያርቀው ቁጥር) በ20 ነጥብ ይወርዳል። ከ250 በመቶ ተነሥቶ 130 ላይ የደረሰ ካርድ ከዚያ ለመውጣት ይቸገራል፤ ቢያውቁትም እየመጣ ያሰለቻል። በአዲሱ ስልት የሚመርጡት አንድ ቁጥር ነው፤ ካርዱ ሲመጣ የማስታወስ ዕድልዎ ስንት ይሁን? መነሻው 0.90 ነው። «ፈተና ነውና 0.97 ይሁን» የሚል ሰው ክለሳው ተቆልሎ ይጠብቀዋል። 0.90 ላይ ይተዉት።

ሰውን ከአንኪ የሚያስኮበልለው ግን የአዲስ ካርድ ብዛት ነው። መነሻው በቀን 20 አዲስ ካርድ ነው። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን በቀን ከ150 እስከ 200 ክለሳ ይሆናል። አንዱ ካርድ 10 ሰከንድ ቢወስድ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ ይህ ይቻላል። በመጀመሪያው ሳምንት ወኔ 60 ያደረገ ሰው በወሩ 500 ክለሳ ይወዘፍበታል። በዚያ ላይ የቀን ክለሳ ጣሪያው መነሻው 200 ስለሆነ ትርፉ ከዓይን ተሰውሮ ይከማቻል፤ «ዛሬ ጨረስኩ» ሲሉ ያልጨረሱት ብዙ ነው። ጣሪያውን ወደ 9999 ከፍ አድርጎ አዲሱን ካርድ መቀነስ ይሻላል። 20 ካርድ በ90 ቀን 1,800 ይሆናል፤ በደንብ ለተመረጠ ይዘት ይህ ብዙ ነው።

ካርድ አሠራሩ ላይ ጊዜ ማጥፋት ያዋጣል። «ስለ ጸጥታው ምክር ቤት አባላት አብራራ» የሚል ካርድ አይሠራም፤ ግማሹን አስታውሰው ግማሹን ሲረሱ የትኛውን ቁልፍ ይጫናሉ? ይበታትኑት፦ ጠቅላላ አባላት ስንት ናቸው (15)፣ ቋሚዎቹ ስንት ናቸው (5)፣ ተለዋጮቹ ለስንት ዓመት ይመረጣሉ (2)፣ ውሳኔ ለማሳለፍ ስንት ድምፅ ያስፈልጋል (9)። 15ና የተለዋጮቹ ቁጥር 10 የሚምታቱብዎ ከሆነ «15 ሲቀነስ 5 ቋሚ» የሚል ማያያዣ ከመልሱ ሥር ይጻፉ። ለሕግ አንቀጽ ክሎዝ የሚባለው የባዶ ቦታ ሙላ ካርድ ተመራጭ ነው፤ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ከሁለት በላይ ባዶ አያብዙ፤ ያኔ መልሱ የሚታወሰው በዓረፍተ ነገሩ ቅርጽ ይሆናል። ለካርታ ደግሞ የሥዕሉን ክፍል የሚሸፍነው መሣሪያ አለ፤ ወንዝና ድንበር ለማጥናት ከጽሑፍ ካርድ እጅግ ይሻላል።

በአማርኛ ካርድ ለሚሠሩ አንድ ወጥመድ አለ። ለፕሮግራሙ ሕግና ህግ፣ ዓለምና አለም የተለያዩ ቃላት ናቸው። መልሱ በጽሑፍ የሚገባበት ዓይነት ካርድ ከተጠቀሙ በፊደል ልዩነት ብቻ ስህተት ብሎ በቀይ ያሳይዎታል፤ ፍለጋውም ግማሹን ካርድ ይዘላል። አንድ አጻጻፍ መርጠው እስከ መጨረሻው ይጽኑ፤ የጽሑፍ መልሱን ዓይነት ደግሞ ለቁጥር ብቻ ያቆዩት።

8 ጊዜ የተረሳ ካርድን ፕሮግራሙ «ሊች» ማለትም አልቅት ብሎ ምልክት ያደርግበታል፤ እንደ ቅንብሩም ያግደዋል። ብዙዎች እገዳውን አንሥተው መልሰው ይታገላሉ። ችግሩ ብዙውን ጊዜ ያለው ካርዱ ላይ ነው፤ ወይ ተምታቷል ወይ ሳይገባዎት የተጻፈ ነው። ይሰርዙትና እንደገና ይጻፉት። ሌሎች ሠርተው ያጋሯቸው የካርድ ጥቅሎች ላይም ተመሳሳይ ነገር ይታያል፤ ያላነበቡት መጽሐፍ ማውጫ እንደ መሸምደድ ነው፣ የተሻረ ሕግም ይዘው ይገኛሉ።

ለቁጥርና ለምክንያት አሰጣጥ ክፍል አንኪ ከንቱ ነው ማለት ይቻላል። ካርድ የሚገባቸው 1/8 ማለት 12.5 በመቶ መሆኑ፣ እስከ 25 ያሉ ቁጥሮች ካሬ፣ እንዲህ ያለው ብቻ ነው። የቀረው በሰዓት የተያዘ ሞዴል ፈተና ይፈልጋል። አንድን የስሌት ጥያቄ ካርድ ላይ ቢያኖሩት በሦስተኛው ጊዜ የሚያስታውሱት መልሱን እንጂ አሠራሩን አይደለም። ድርሰትም እንዲሁ። የመገመት ስልትም ከካርድ አይገኝም፤ አራት ምርጫ ባለውና ለስህተት አንድ ሦስተኛ ነጥብ በሚቀነስበት ፈተና ጭፍን ግምት በአማካይ ዜሮ ነው፣ አንድ ምርጫ በርግጠኝነት ከጣሉ ግን መገመት ያተርፋል። ይህንን በተግባር የሚለማመዱት ሞዴል ፈተና ላይ ነው። ስለዚህ አንኪ በቀን ከ40 ደቂቃ በላይ ከወሰደብዎ ከሌላው ክፍል እየሰረቀ ነው። ፈተናው ከወር በታች ከቀረው ባይጀምሩት ይሻላል፤ ካርድ ሲጽፉ ጊዜው ያልቃል።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው አዲስ ካርድን ዜሮ ያድርጉ። በመጨረሻው ሳምንት ካርዶቹን በተረሱበት ብዛት ደርድረው ከላይ ያሉትን 100 ያህል ለይተው ይከልሱ። ስልክና ኮምፒውተር መጀመሪያ ሲያናብቡ ደግሞ «አፕሎድ» ወይስ «ዳውንሎድ» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ካርዱ ካለበት መሣሪያ አፕሎድ፣ ባዶው ላይ ዳውንሎድ ነው። ከተገላበጠ ባዶው ሙሉውን ይተካዋል፤ ከዚያ በፊት ጥቅሉን በፋይል አውጥተው ሌላ ቦታ ያስቀምጡ።