ለቢሮ ስልኮች አይፒ ማን ያድል? ራውተሩ ወይስ ራሱን የቻለ ሰርቨር?

ቢሮው ውስጥ ያሉት የኢንተርኔት ስልኮች አምስት ስድስት ከሆኑ ብዙ አትጨነቁ። ራውተሩ ላይ ያለው ዲኤችሲፒ (ለየመሣሪያው የኔትወርክ አድራሻ፣ ማለትም አይፒ፣ በራሱ የሚያድለው አገልግሎት) ይበቃል። ስልኩን ትሰካላችሁ፣ አይፒ ያገኛል። የውስጥ ቁጥሩንና የይለፍ ቃሉን በየስልኩ ገብቶ መሙላት ያን ያህል አይከብድም።

ስልኮቹ ሠላሳ አርባ ሲሆኑ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚህ ላይ ወሳኙ ኦፕሽን 66 የሚባለው የዲኤችሲፒ ቅንብር ነው። ስልኩ አይፒ ሲጠይቅ የሚያድለው ሰርቨር የስልኩን ቅንብር ከየት እንደሚያወርድ አብሮ ይነግረዋል። ብዙ ስልኮች በማክ አድራሻቸው (ከፋብሪካ በተሰጣቸው መለያ ቁጥር) የተሰየመውን ፋይል ፈልገው ያወርዳሉ፣ ቁጥራቸውን ይዘው ይነሳሉ። ማንም ቁልፍ አልነካም! የሲስኮ ስልኮች ኦፕሽን 150ንም ይጠቀማሉ። እሱ ከአንድ በላይ አይፒ ስለሚይዝ አንዱ ማውረጃ ሰርቨር ቢወድቅ ሌላው ይተካል።

ብዙ ርካሽ ራውተሮች እነዚህን የምትሞሉበት ቦታ የላቸውም። ሊኑክስ ላይ የሚሠራው ዲኤንኤስማስክ የሚባለው አይፒ አዳይ ፕሮግራም ግን ኦፕሽን 66ን በአንድ መስመር ይጨርሰዋል። ማይክሮቲክ ራውተር ካላችሁ እሱም ይችላል፤ ሌላ ማሽን አትግዙ።

የሰርቨሩ ጉዳት አንድ ተጨማሪ የሚጠበቅ ማሽን መሆኑ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ስልኮቹ እሱ እስኪነሳ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ ይሁን።

እኔ ከአሥር ስልክ በላይ ካለ ሰርቨሩን እመርጣለሁ። ስትቀይሩ የራውተሩን ዲኤችሲፒ ማጥፋት እንዳትረሱ። ሁለቱ በአንድ ኔትወርክ ላይ ካደሉ አንዳንዱ ስልክ ቅንብር ሳያገኝ ሊቀር ይችላል።