ወሊሶ አካባቢ የጭቃ ቤት ያላችሁ፣ እኚህን ሰው ሳታማክሩ እንዳታፈርሱ

የወላጆቼ ቤት ከወሊሶ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ግቢው 1,200 ካሬ ይሆናል። ጓሮው እንሰት፣ ጌሾና ሁለት አቮካዶ፤ ፊት ለፊት ስድስት ልጆች ያደግንበት የጭቃ ቤት። አባዬ ካረፈ ወዲህ እማዬ ብቻዋን ናት። ባለፈው ክረምት የጓዳው ግድግዳ ወደ ውጭ ጎበጥ አለና በሩ አልዘጋ አለ።

ከአዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር ነው፤ በየጊዜው ባለሙያ ይዤ ወረድኩ። ሦስት ሰው አየው። ሦስቱም “አፍርሱትና በብሎኬት ይሠራ” አሉ። አንዱማ ከመኪናው ሳይወርድ ነው ዋጋ የነገረኝ። እማዬ “መጀመሪያ እኔን ቅበሩ” ብላ አኮረፈች።

አራተኛው ጎረቤት የጠቆሙን አናጢ ናቸው። ስድሳን ያለፉ ይመስለኛል። ዋጋ አልጠሩም። ከኪሳቸው ካቻቢቴ አውጥተው ምርጊቱን ከታች ፋቅ ፋቅ እያደረጉ እንጨቱን አንድ በአንድ ወጉት። እግሩ ጋ እንደ ሊጥ ገባ። አንድ ክንድ ከፍ ብለው ሲወጉት ግን ንክች አላለም። “ቤቱ ደህና ነው፤ የታመመው እግሩ ነው” አሉኝ።

አሸንዳው ከተቀደደ ቆይቷል፤ ጠፈጠፉ ግድግዳው ሥር ይወርዳል። በዚያ ላይ እማዬ ጽጌረዳዋን እዚያው ተክላ፣ አፈር ከምራ፣ በጋውን ሙሉ ጠዋት ማታ ታጠጣለች። እንጨቱ ሳይደርቅ ከረመ፤ ምስጡም ገባ። እሷ ፊት ግን ስለ ጽጌረዳው ትንፍሽ አላሉም። ለእኔ የነገሩኝ ስሸኛቸው፣ የግቢው በር ላይ ነው።

ያኔ ነሐሴ ነበር። ጀምሩልን ብል “ዝናቡ ሳይወጣ ጭቃ አልነካም” ብለው እምቢ። ጥቅምት ላይ መጡ። ጣሪያውን በባላ እየደገፉ ሁለት ሁለት ሜትር ብቻ ይከፍታሉ። የበሰበሰውን እግር ይቆርጣሉ፣ ከሥሩ በድንጋይና በሲሚንቶ መሠረት ያወጣሉ፣ የእንጨቱን ጫፍ የተቃጠለ ዘይት ቀብተው እዚያ ላይ ያቆሙታል። እማዬ አንድም ሌሊት ሌላ ቤት አላደረችም። ጭቃው ከጭድ ጋር እየተረገጠ አሥር ቀን ቦካ፤ ሽታው ጎረቤት ድረስ ነበር። “ካልሸተተ አይዝም” ይላሉ። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ እስኪሰነጠቅ ጠብቀው ነው ሁለተኛውን የመረጉት።

እንከን የለባቸውም አልልም። ሦስት ሳምንት ያሉት አምስት ፈጀ። ደረሰኝ ብሎ ነገር የለም፤ ሒሳባቸው የሲሚንቶ ከረጢት ቅዳጅ ላይ በእርሳስ ነው። ግን የተረፈውን ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ፣ እኔ ረስቼው፣ ለሱቁ መልሰው ብሩን ለእማዬ ሰጧት። አምና ለአጥር ሥራ ቀብድ በልቶ የጠፋብኝ ሰው ስላለ ይሄ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ጽጌረዳዋስ? በመጨረሻው ቀን “እትዬ፣ ይቺ እዚህ ጥላ በዝቶባታል፣ ፀሐይ ትፈልጋለች” ብለው ከነአፈሯ አንስተው አጥሩ ሥር ተከሉላት። እማዬ እስከ ዛሬ ለአበባው አዝነው ያደረጉት ነው የሚመስላት። የምታውቋት ካላችሁ እባካችሁ እንዳትነግሯት።

ስልካቸውን እንድሰጥ ፈቅደውልኛል፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቀን ቀን ግን አትደውሉ። ስልኩ ኮታቸው ውስጥ ነው፣ ኮታቸው ደግሞ እንደተለመደው አንዱ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ይውላል።