አቤቱታው መጀመሪያ ማን እጅ ይገባል? የስፖርት ጥቃት ጥቆማ መቀበያ ቢሮዎች ከጎንደር ሜዳ ሲመዘኑ

ጠዋት ጠዋት ፋሲለደስ ስታዲየም የምትሮጥ የ15 ዓመት ሰልጣኝ አሠልጣኟ ቢነካካት ለማን ትናገር? የተለመደው መልስ «ለቡድን መሪው» ነው። ቡድን መሪውና አሠልጣኙ ግን አብረው ቡና የሚጠጡ ሰዎች ናቸው። መልቀቂያዋን የሚፈርመው፣ የላብ መተኪያዋን የሚያድለው፣ ለውድድር ስሟን የሚያስገባው ከሁለቱ አንዱ ነው። ይህን ቋጠሮ ለመፍታት በርካታ መንግሥታት ባለፉት ዓመታት ከክለብና ከፌዴሬሽን ውጭ የሆነ አቤቱታ ተቀባይ ከፍተዋል። እንደማንኛውም አገልግሎት ሊመዘኑ ይችላሉ፦ በሩ ለማን ክፍት ነው? አሠልጣኙን ከሜዳ ለማስወጣት ምን ያህል ይቆያል? የታገደው ሰው ሌላ ከተማ ሄዶ ፊሽካ እንዳያነሳስ ምን ይከለክለዋል?

ብዙ የሚወራለት የአሜሪካው ሴፍስፖርት ማዕከል ነው። ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017፣ የጂምናስቲክ ቡድኑ ሐኪም ላሪ ናሳር በስፖርተኛ ልጃገረዶች ላይ የፈጸመው ወሲባዊ ጥቃት በወጣ ማግሥት ሲሆን፣ በየካቲት 2018 የጸደቀው ሕግ ሥልጣን ሰጠው። በኦሊምፒክ ስፖርቶች ውስጥ ከሕፃናት ጋር የሚሠራ አዋቂ በልጅ ላይ ጥቃት መፈጸሙን ከጠረጠረ በ24 ሰዓት ውስጥ ማመልከት አለበት፤ ዝም ካለ ራሱ ይጠየቃል። የታገዱ ሰዎች ስም ማንም ወላጅ ሊፈልገው በሚችል ዝርዝር ይወጣል። ይህ ዝርዝር ብቻውን የማዕከሉን ግማሽ ዋጋ ያወጣል፤ እዚህ ሰፈር ተባርሮ እዚያ ሰፈር መቀጠርን የሚያስቀረው እሱ ነውና።

ለእኛ የሚበጀው ግን ሌላው ክፍሉ፣ የመከላከያ ደንቡ ነው። አዋቂና ልጅ ለብቻቸው የሚገናኙት ሌላ ሰው ሊያያቸውና ገብቶ ሊያቋርጣቸው በሚችልበት ቦታ ብቻ ይሁን ይላል። ወደ ሜዳችን ሲመለስ ትርጉሙ ግልጽ ነው። ወጌሻው ታዳጊዋን የሚያሸው ሌላ አዋቂ ባለበት ነው፤ ከሚታከመው ቦታ በቀር ሰውነቷ ይሸፈናል፤ በሩ አይቆለፍም። አሠልጣኙ ማታ በቴሌግራም ለብቻዋ አይጽፍላትም፤ መልእክቱ ወላጅ ወይም ሌላ አሠልጣኝ ባለበት ግሩፕ ይገባል። ባሕር ዳር ለውድድር ሲኬድ አሠልጣኝ ከሰልጣኝ ጋር አንድ ክፍል አያድርም። «በጀት የለም» የሚለው ሰበብ እዚህ ላይ አይሠራም፤ በር መክፈት ገንዘብ አይጠይቅም።

ጉድለቱም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ሕግ የአሜሪካ ኦሊምፒክና ፓራሊምፒክ ኮሚቴ ለማዕከሉ በየዓመቱ 20 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አስገድዷል። እንጀራውን የሚጋግርለት ራሱ የሚመረመረው ወገን ነው ማለት ነው። ፋይሎች ይከማቻሉ፤ ብዙዎቹም ጥፋተኛ ነው አይደለም ሳይባል ይዘጋሉ። የተቀጣው ሰው ጉዳዩን ወደ ግልግል ዳኝነት ከወሰደው ደግሞ ተጎጂዋ ቃሏን እንደ አዲስ እንድትሰጥ ልትጠራ ትችላለች፤ ታክቷት ከቀረች ቅጣቱ ሊነሳ ይችላል።

ካናዳ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 የስፖርት ጨዋነት ኮሚሽነር ቢሮ ከፈተች። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ በሩ ግን ጠበበ። ቢሮው ማየት የሚችለው የፈረሙ ብሔራዊ ድርጅቶችን፣ እዚያም ውስጥ በስምምነቱ የታቀፉ ሰዎችን ስለነበር፣ ከሰፈር ክለብ የመጣ አቤቱታ «ሥልጣናችን አይደለም» ተብሎ ይመለስ ነበር። በደሉ የሚበዛው ደግሞ እዚያው ሰፈር ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ወደ ሌላ ተቋም ተዛውሯል። ደቡብ ኮሪያም የትሪያትሎን ስፖርተኛዋ ቾይ ሱክ-ሂዮን በሰኔ 2020 ሕይወቷን ካጠፋች በኋላ በዚያው ዓመት ነሐሴ የስፖርት ሥነ ምግባር ማዕከል አቋቁማለች። ልጅቷ ከመሞቷ በፊት በቡድኗ ውስጥ የደረሰባትን በደል ለአንድ ሳይሆን ለብዙ መሥሪያ ቤቶች አመልክታ ነበር። የቢሮ ቁጥር መብዛት በራሱ ጥበቃ አይሆንም።

ጎረቤታችን ኬንያ የመረጠችው ኮሚቴ ነው። ሯጯ አግነስ ቲሮፕ በጥቅምት 2021 ኢተን ውስጥ ከተገደለች በኋላ የስፖርት ሚኒስቴሩ በማራቶን ባለድሏ ካትሪን ንዴሬባ የሚመራ ኮሚቴ አዋቀረ። ኮሚቴ ሪፖርት ጽፎ ይበተናል፤ ሌሊት ስልክ አያነሳም። በመስከረም 2024 ኬንያ ውስጥ ትኖር የነበረችው ኡጋንዳዊት ሯጭ ሬቤካ ቼፕቴጌ ቤንዚን ተርከፍክፎባት በእሳት ተቃጥላ ሞተች። እንደ አገልግሎት ከተመዘነ ዝቅተኛውን ነጥብ የምንሰጠው ለዚህ ነው።

ከሁሉም ለጎንደር የሚስማማው የፈረንሳዩ ነው። የስፖርት ሚኒስቴሩ እ.ኤ.አ. በ2020፣ አንዲት የበረዶ ሸርተቴ ስፖርተኛ በልጅነቷ የደረሰባትን ወሲባዊ ጥቃት በአደባባይ ከተናገረች በኋላ፣ ጥቆማ የሚቀበል አነስተኛ ክፍል ከፈተ። አዲስ ሕንፃ አልገነባም፤ ጥቆማው ሲደርስ በየአውራጃው ያሉት የመንግሥት የስፖርት ሠራተኞች ይመረምራሉ። ጥርሱ ያለው ግን የአውራጃው አስተዳዳሪ ዘንድ ነው፦ አጣዳፊ ሲሆን የፍርድ ቤት ውሳኔ ሳይጠብቅ አሠልጣኙን እስከ 6 ወር ከሥራ ማገድ ይችላል። ምርመራው ሲካሄድ ተከሳሽና ተጎጂ አንድ ሜዳ ላይ አይውሉም። በእኛም ከተማ የስፖርት መሥሪያ ቤት አለ፣ ባለሙያ አለ፣ አስተዳደር አለ። የጎደለው ያ አንድ የእግድ ደብዳቤ የሚጻፍበት ሥልጣን ነው።

ሕጉ ራሱ ያን ያህል አያሳፍርም። እንግሊዝ የስፖርት አሠልጣኝ ከ16 እና ከ17 ዓመት ሰልጣኙ ጋር ወሲብ መፈጸሙን ወንጀል ያደረገችው ገና እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የእኛ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 626 ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉትን፣ አንቀጽ 627 ደግሞ ከ13 በታች ያሉትን ቀድሞ ይጠብቃል፤ ልጁ የአጥፊው ተማሪ ወይም በእሱ ሥር ያለ ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል። ክፍተቱ 18 ዓመት ከሞላት ጀምሮ ነው። በሥልጣኑ ተጠቅሞ ፈቃዷን ያገኘ ሰው በአንቀጽ 625 የሚከሰሰው እሷ ራሷ ካመለከተች ብቻ ሲሆን፣ ቅጣቱም ቀላል እስራት ነው። መልቀቂያዋ በእሱ እጅ ያለ ሯጭ ታመለክታለች ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

እስከዚያው ያለው መንገድ ፖሊስና ሆስፒታል ነው፤ እዚህም ነገር የሚበላሸው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ቤተሰብ «ስሟ ይጠፋል» ብሎ ሽማግሌ ይጠራል፤ ሽማግሌ ሲመካከር ሦስት ቀን ያልፋል። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፣ በቶሎ ከሆነ ይበልጥ ይሠራል፤ የድንገተኛ እርግዝና መከላከያው እስከ 120 ሰዓት። ስለዚህ መጀመሪያ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፤ ሽምግልናው ከዚያ ወዲያ ቢመጣም የልጅ መደፈር በካሳና በይቅርታ የሚዘጋ ጉዳይ አይደለም። ከምርመራው በፊት ገላዋን አትታጠብ፣ ቱታዋም አይታጠብ። ልብሱ ፌስታል ውስጥ አይገባም፤ ፌስታል እርጥበት አፍኖ ማስረጃውን ያሻግተዋል። እያንዳንዱ ልብስ ለየብቻው በካኪ ወረቀት ይጠቀለል፣ ቀንና ሰዓት ይጻፍበት። የስልክ መልእክቶቹም አይጥፉ፤ አሠልጣኙ «ለሁለታችንም አጥፍቼዋለሁ» ሳይል በፊት ቁጥሩና ሰዓቱ እንዲታይ ተደርጎ በሌላ ስልክ ፎቶ ይነሳ።