ከመቶ ሦስቱ ብቻ የሚተርፍበት ቤት፦ የኮሌጅ ፓርክ ቤተ መዛግብት በአንድ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ዓይን

ሲልቨር ስፕሪንግ ለምንኖር ሐበሾች የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ጎረቤታችን ነው። ዋሽንግተን ያለውን፣ ሕገ መንግሥቱ በመስታወት ውስጥ የሚታይበትን ማለቴ አይደለም። ሁለተኛውን ነው፤ ኮሌጅ ፓርክ፣ አዴልፊ ሮድ ላይ፣ ከሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ያለውን። አብዛኞቻችን በበሩ እናልፋለን እንጂ አንገባም። እኔ ገብቼ ወድጄው ቀርቻለሁ። ለንባብ ክፍሉ ከአምስት ኮከብ አምስት እሰጣለሁ። የትኛው ወረቀት እዚያ ክፍል ይድረስ፣ የትኛው ይወገድ ለሚባልበት አሠራር ግን ሦስት። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ትደርሱበታላችሁ።

አዲስ አበባ ሳለሁ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ ገቢና ወጪ መመዝገብ፣ ዶሴ ማውጣት፣ አልፎ አልፎም “ፋይሉ አልተገኘም” ማለት ነበር። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እንደ ታሪክ ተመራማሪ አይደለም። ሰው ስለ ታሪኩ ሲያወራ እኔ የፎልደሩን አያያዝ ነው የማየው።

ለምርምር ለመጣ ሰው መግቢያው ቀላል ነው። ፎቶ ያለው መታወቂያ ታሳያላችሁ፣ ኮምፒውተር ላይ አጭር ገለጻ ታያላችሁ፣ የተመራማሪ ካርድ ይሰጣችኋል። ነፃ ነው፣ አንድ ዓመት ያገለግላል። ዲግሪ አለህ ወይ፣ ዜጋ ነህ ወይ የሚል የለም። ካፖርትና ቦርሳ ሎከር ውስጥ ይቀራል። እስክሪብቶ ክልክል ነው፤ እርሳስና ወረቀት እነሱ ይሰጣሉ። ፍላሽ ሳታበሩ በስልካችሁ ፎቶ ማንሣት ትችላላችሁ። ሳጥኖቹ በጋሪ ይመጣሉ። ጠረጴዛ ላይ አንድ ሳጥን፣ ከሳጥኑም አንድ ፎልደር ብቻ። ሁለት ፎልደር ከከፈታችሁ ሠራተኛዋ በትሕትና ትመጣለች። ግን ትመጣለች! ስትወጡም ጥበቃው የያዛችሁትን ወረቀት አንድ በአንድ ያገላብጣል። ይህን ስመለከት ደስ ይለኛል፤ እኔ ጋ ባለጉዳይ ዶሴ ይዞ ሻይ ቤት ሲሄድ ያየሁ ነኝ።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት ሌላ ነው። ገና ምስጢር ነው ተብሎ ከፎልደር የወጣ ሰነድ ካለ፣ በቦታው ወረቀት ይተካበታል። እንዲህ ያለ ሰነድ ነበረ፣ በዚህ ምክንያት ተነሥቷል ይላል። የጎደለው ነገር መጉደሉ ይታወቃል ማለት ነው። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ አይጠፋውም።

ለኛ ወርቁ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤታቸው ፋይል ነው። ከ1910 እስከ 1949 በሠሩበት የቁጥር አሠራር ኢትዮጵያ 84 ናት (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። የአገር ውስጥ ጉዳይ 8 ስለሆነ፣ 884.00 ብላችሁ ስትጠይቁ የውስጥ ፖለቲካችን ይመጣል። ጣሊያን 65 ናት። በአገሮች መካከል ያለ የፖለቲካ ጉዳይ ደግሞ 7 ነው። ስለዚህ የፋሽስት ወረራ ፋይል 765.84 ይባላል። ያ ሁሉ እልቂት በአምስት አሃዝ። ከ1950 ጀምሮ አሠራሩ ተለውጦ ቁጥራችን 75 ሆነ፤ 775 ብላችሁ ገብታችሁ አስመራ የነበረውን የአሜሪካኖቹን የጦር መገናኛ፣ የቃኘው ጣቢያን ዘመን ታገኛላችሁ። ከ1973 እስከ 1979 ያለውን የኤምባሲ ቴሌግራም ደግሞ ከቤት ሳትወጡ በድረ ገጻቸው በነፃ ማንበብ ይቻላል። አብዮቱ ሲፈነዳ ከአዲስ አበባ የተላከው እዚያ አለ። አባቴ በሬዲዮ የሰማውን እኔ ሶፋዬ ላይ ሆኜ ከሌላው ወገን አነበብኩት።

ግን የ1975ን ዲሴምበር የመጀመሪያ አጋማሽ ብትፈልጉ የኤሌክትሮኒክ ቅጂው የለም። ጠፍቷል። ሌላም የሌለ ብዙ ነገር አለ፤ ያኛው ግን በአጋጣሚ አልጠፋም፣ እንዲጠፋ ተወስኖበት ነው። እያንዳንዱ ቴሌግራም የርዕስ ኮድ ነበረው። በኮዱ ተለይቶ ተራ የአስተዳደር ጉዳይ የተባለው ተወገደ፣ የቀረው ተቀመጠ።

ነገሩ ከዚህ ይጀምራል። ቤተ መዛግብቱ ራሱ እንደሚለው፣ የፌዴራል መንግሥቱ ከሚያመርተው ሰነድ ለዘለዓለም የሚቀመጠው ከመቶ ከአንድ እስከ ሦስት እጅ ብቻ ነው። የቀረው በሰሌዳ፣ ማለትም የትኛው ወረቀት እስከ መቼ እንደሚቆይ በሚወስን ሠንጠረዥ፣ ይወገዳል። መሥሪያ ቤቱ ወረቀቱን በዓይነት በዓይነቱ ይዘረዝራል። ይኼ ቋሚ፣ ይኼ ጊዜያዊ፣ ይኼ ይህን ያህል ዓመት ቆይቶ ይወገድ ብሎ ረቂቅ ያቀርባል። የቤተ መዛግብቱ ባለሙያ ይመረምረዋል። የዜጎችን መብት ያስረዳል ወይ? ባለሥልጣናት ምን እንደሠሩ ያሳያል ወይ? የአገሪቱን የኑሮ ታሪክ ይናገራል ወይ? የመጨረሻው ፊርማ የቤተ መዛግብቱ የበላይ ኃላፊ ነው። ያለዚያ ፈቃድ የፌዴራል ሰነድ ማጥፋት ሕገ ወጥ ነው።

ለሁሉም መሥሪያ ቤት የሚያገለግል የጋራ ሰሌዳም አለ። የሥራ ሰዓት መቆጣጠሪያ ሦስት ዓመት። የክፍያ ሰነድ ስድስት ዓመት። ኢሜይል እንደ ባለቤቱ ነው፦ ከ2013 ጀምሮ በመጣው ዘዴ የትልልቆቹ ሹማምንት ለዘለዓለም ይቀመጣል፣ የተራው ሠራተኛ ሰባት ዓመት ቆይቶ ይጠፋል። ይኼ ለኔ አይዋጥልኝም። መሥሪያ ቤት ውስጥ እውነቱን የሚጽፉት ጸሐፊዋና ገንዘብ ያዡ ናቸው። አለቃ የሚጽፈው “ጉዳዩ ታይቶ ይወሰን” ብቻ ነው።

ማስረጃም አለኝ። በ1973 የሲአይኤ ዳይሬክተር የነበሩት ሪቻርድ ሄልምስ ኤምኬ አልትራ የሚባለውን፣ በሰው አእምሮ ላይ ሙከራ የተደረገበትን ፕሮግራም ፋይሎች አስጠፉ። ከአራት ዓመት በኋላ ወደ ሃያ ሺህ ገጽ ተገኘ። እንዴት ተረፈ? የሒሳብ ወረቀት ስለነበር ሌላ ቦታ ተቀምጦ ነው። አጥፊዎቹ ትዝ አላላቸውም። በኛም አገር የቀይ ሽብር ክስ ሲሰማ ደርግን ያስያዘው ራሱ ፈርሞ ያስቀመጠው ትእዛዝና ቃለ ጉባኤ ነበር። “በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” እንላለን። ማን እንደሚወርሰው ግን ጸሐፊው አስቀድሞ አያውቅም።

አሜሪካኖቹም ይህን የተማሩት ተቃጥለው ነው። የ1890 የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ በጃንዋሪ 1921 ዋሽንግተን ውስጥ በንግድ ሚኒስቴር ሕንፃ ምድር ቤት በተነሣ እሳት ተጎዳ። ከፊሉ ነደደ፣ ከፊሉ የእሳት አደጋው ውኃ አራሰው። የተረፈው ዓመታት ቆየ። በመጨረሻ ከማይጠቅሙ ወረቀቶች ዝርዝር ውስጥ ገባና ኮንግረስ እንዲወገድ ፈቀደ። ቀኑ ፌብሩዋሪ 21፣ 1933 ነው። ከዚያ ቀን በፊት በነበረው ቀን፣ ፌብሩዋሪ 20፣ ፕሬዚዳንት ሁቨር የብሔራዊ ቤተ መዛግብቱን ሕንፃ የመሠረት ድንጋይ አኑረው ነበር። በአንድ ከተማ ማለት ነው። ዛሬ ከባርነት ነፃ የወጡ ቤተሰቦቻቸውን የሚፈልጉ ጥቁር አሜሪካውያን ከ1880 ወደ 1900 ሲዘሉ መሐሉ ላይ ገደል የሚገጥማቸው በዚህ ምክንያት ነው።

በዝርዝር ውስጥ መግባት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የነበርኩበት መሥሪያ ቤት (ስሙን ልተወው) ሕንፃ ሲቀይር ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው አቧራውን አየና አንድ ቀን ውስጥ ወሰነ። ዶሴው በማዳበሪያ ከረጢት ተጭኖ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሰፈራችን የምትቀመጠው ቆሎ ሻጭ የጠቀለለችበትን ስዘረጋው የመሥሪያ ቤታችን ማኅተም ነበረበት። የአንድ ሰው የጡረታ ጥያቄ ነው። ሰውየው ያን ወረቀት ይፈልግ ይሆናል፤ እኔ በቆሎ መልክ በልቼዋለሁ።

ስለዚህ ከማጥፋታቸው በፊት ማሳወቃቸው ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ሊወገድ የታሰበው ፌዴራል ሬጅስተር ላይ ይወጣል፤ እንደኛ ነጋሪት ጋዜጣ በሉት። ማንም ሰው አስተያየት መስጠት ይችላል። ተራ ሰው ጽፎ የሚሰማበት ጊዜም አለ። በ2017 አይስ፣ ማለትም የኢሚግሬሽን አስከባሪው መሥሪያ ቤት፣ እስር ቤቶቹ ውስጥ የደረሱ የወሲብ ጥቃትና የሞት ፋይሎችን ከ20 ዓመት በኋላ፣ ለብቻ የታሰሩትን ሰዎች መዝገብ ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ ላጥፋ ብሎ ጠየቀ። ከሃያ ሺህ በላይ አስተያየት ጎረፈ። ቤተ መዛግብቱ ረቂቁን አሻሽሎ በ2019 መጨረሻ አጸደቀው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ። በማርች 2021 የዋሽንግተኑ ዳኛ አሚት ሜታ ማጽደቁን ሻሩት፤ ለሕዝቡ አስተያየትና ሰነዶቹ ለምርምር ላላቸው ዋጋ በቂ መልስ አልተሰጠም ብለው።

ሁለቱን ኮከብ የቀነስኩት እዚህ ላይ ነው። አንደኛ፣ ረቂቁን የሚያዘጋጀው ወረቀቱ የሚያጋልጠው መሥሪያ ቤት ራሱ ነው። ሁለተኛ፣ ማስታወቂያው ሰው እንዲያነበው ተብሎ አይጻፍም። የአይሱ ረቂቅ መለያ ዲኤኤ-0567-2015-0013 ነበር። እስቲ ይህን አይቶ የሞተ ወንድሙ ፋይል መሆኑን የሚያውቅ ማን ነው? መብት ጠባቂ ድርጅቶች ባያራግቡት ኖሮ ማንም ሳያየው ያልፍ ነበር።

ከዚህ ወደ ራሳችን ዶሴ ልምጣ። ግሪን ካርዳችሁ ላይ ያለው ዘጠኝ አሃዝ፣ ኤ-ነምበር የምንለው፣ የፋይል ቁጥር ነው። ከ1944 ጀምሮ ኢሚግሬሽን ለስደተኛ የሚከፍተው ኤ-ፋይል ይባላል። ማመልከቻው፣ ጉርድ ፎቶው፣ የቃለ መጠይቁ ማስታወሻ፣ የልደት ወረቀቱ፣ አንዳንዴም የግል ደብዳቤ እዚያ ውስጥ ነው። ለብዙ ጊዜ ዕቅዱ ከ75 ዓመት በኋላ ማስወገድ ነበር። ይህን ሰምተው የተነሡት በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ያሉ የእስያ ተወላጆች ናቸው፤ በተለይ ቻይናውያን። የአያቶቻቸው የምርመራ ቃል ያለው እዚያ ስለነበር ተደራጁ፣ የኮንግረስ ሰው ያዙ፣ ዓመታት ፈጀባቸው። በ2009 ፋይሎቹ ቋሚ ተባሉ። አሁን ባለቤቱ ከተወለደ 100 ዓመት ሲሞላ ወደ ቤተ መዛግብት ይዛወራል፤ ዋናው ማከማቻ ካንሳስ ሲቲ ነው።

እነሱ በጮኹት የኛም ተረፈ። በ1980ዎቹ ከሱዳን በስደተኛ ቪዛ የመጣ፣ 1955 የተወለደ ሰው ፋይሉ በ2055 ለተመራማሪ ይደርሳል። ከመተማ እስከ ገዳሪፍ ስንት ቀን እንደተጓዘ፣ ማን እንደሞተበት፣ በራሱ አንደበት የተናገረው። ይህን ዓይነት ነገር ለልጆቻችን ስንቶቻችን ጽፈን አስቀምጠናል? የልደት ቀኑን ግን አትመኑት። ግማሻችን ጃንዋሪ 1 ስለተወለድን፣ በአንድ ቀን ተሰብስበን ነው የምንዛወረው።

2055ን መጠበቅ የለባችሁም። የራሳችሁን ኤ-ፋይል ቅጂ አሁኑኑ በኢንተርኔት ከኢሚግሬሽን መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ለማመልከት አይከፈልም። መልሱ ይዘገያል፣ አንዳንድ ገጽ ላይም ጥቁር ተቀብቶ ይመጣል። ቢሆንም ጠይቁ።

ኮሌጅ ፓርክ ለምትሄዱ፦ የመኪና ማቆሚያ አለ፤ ምሳ ግን ከቤት ብትይዙ ይሻላል። የምትፈልጉትን ሳጥን አስቀድማችሁ በኢሜይል ጠይቁ፤ ባዶ እጅ ሄዶ “ስለ ኢትዮጵያ ያለውን አምጡልኝ” ማለት ያስቃል። ምስጢርነቱ የተነሣለት ሰነድ ፎቶ ስታነሡም መጀመሪያ ሠራተኛዋን የፈቃድ ቁጥር ያለባትን ትንሽ ወረቀት ጠይቁና ከሰነዱ ጎን አስቀምጡ። ያለዚያ ያነሣችሁትን ሁሉ እንደገና ያስነሷችኋል።