ለተጎዳ የጣት መገጣጠሚያ፦ ሽቦ፣ ብሎን፣ ማጋጠም ወይስ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ?

በቸርችል ጎዳና አቅራቢያ ካለው ጥቁር አንበሳም ይሁን በመሐል ከተማ ካሉት የግል ሆስፒታሎች ራጁን ይዞ የወጣ ታካሚ፣ የጣቱ መገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገው ሲነገረው አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም፣ ከዋጋው በፊት «ጣቴን ማንቀሳቀስ የምጀምረው መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ የጣት መገጣጠሚያ፣ በተለይም የመሐለኛው፣ ታስሮ በቆየ ቁጥር ይደርቃልና።

የተሰበረውን አጥንት የሚይዘው ቀጭኑ ሽቦ (ኬ-ዋየር) ብዙውን ጊዜ ቆዳው በሰፊው ሳይከፈት ይገባል፤ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶም በተመላላሽ ክፍል ይወጣል። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ነገር ግን የገባበት ቀዳዳ ሊያመረቅዝ ይችላል፣ መገጣጠሚያውን አልፎ የገባ ከሆነም እስኪወጣ ድረስ ጣቱ አይታጠፍም። ብሎንና ፕሌት (በብሎን አጥንቱ ላይ የሚታሰር ጠፍጣፋ ብረት) በአንጻሩ አጥንቱን አጥብቀው ስለሚይዙ እንቅስቃሴው በቀናት ውስጥ ሊጀመር ይችላል። ይሁን እንጂ ሰፋ ያለ መክፈት ስለሚጠይቁ ጅማቱ ከጠባሳው ጋር ሊጣበቅ፣ ብረቱን ለማውጣትም ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። ፊዚዮቴራፒውን በየጊዜው መከታተል ለማይችል ሰው ለብሎን ተጨማሪ ገንዘብ መክፈሉ ብዙም አይታየኝም፤ የብሎኑ ትልቁ ጥቅም ቶሎ ማንቀሳቀስ ማስቻሉ ነውና።

መገጣጠሚያው ከጥገና በላይ ሲሆን ምርጫው ሌላ ነው። አጥንቶቹን አጋጥሞ አንድ ማድረግ ሕመሙን ያስቀራል፣ ጥንካሬም ይሰጣል፤ መታጠፉ ግን ለዘለቄታው ይቀራል። ከሲሊኮን የተሠራው ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ እንቅስቃሴን ቢያተርፍም ወደ ጎን የሚገፋውን ኃይል በደንብ አይችልም፣ በዓመታት ውስጥም ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ፒያሳ ላይ ወርቅ የሚሠራና ቀኑን ሙሉ በአውራና በሌባ ጣቱ ቆንጥጦ የሚይዝ ባለሙያ የሌባ ጣቱ መሐለኛ መገጣጠሚያ ቢበላሽበት፣ በትንሹ ታጥፎ ቢጋጠምለት ይሻለዋል፤ ዕቃ ጨብጦ ለመያዝ መታጠፍ ያለባቸው የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ግን ለሲሊኮኑ የተሻሉ ናቸው።

የጣቱ ጫፍ ተንጠልጥሎ አልቀና ሲል፣ የተሰበረው ቁራጭ ትልቅ ካልሆነና መገጣጠሚያው ካልተንሸራተተ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ያለማቋረጥ የሚታሰር ስፕሊንት (የጣቱን ጫፍ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ) አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ከምርጫው ሁሉ በፊት ራጅ መነሣት አለበት። ወልቋል ተብሎ ወጌሻ ዘንድ የሚጎተተው ጣት ውስጡ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል፤ ተሰብሮ የወለቀ መገጣጠሚያ ደግሞ ሳምንታት ካለፉበት ጥገናው እጅግ ይከብዳል። ጠብቆ የታሰረ ጣት ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ ሊደርስ እንደሚችልም ቤተሰብ ሊያውቀው ይገባል።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የተነገረዎት ዋጋ ሽቦ ማውጣቱን፣ የክትትል ራጁንና ፊዚዮቴራፒውን ማካተቱን በጽሑፍ ያረጋግጡ።