የታይዋን የጭምብል ካርታ፦ የኦድሪ ታንግ ሹመት በአገልግሎት ሲመዘን

ታይዋን በኮቪድ-19 መባቻ ላይ ለነዋሪዎቿ ያቀረበችው የጭምብል ካርታ አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልስ ነበር፤ በአቅራቢያዬ ካሉት ፋርማሲዎች ጭምብል ያላለቀበት የትኛው ነው? ከፌብሩዋሪ 6 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጭምብል በጤና መድን ካርድ መታደል ሲጀምር የአንድ አዋቂ ድርሻ በሳምንት ሁለት ብቻ ስለነበር፣ ለጥያቄው ፈጣን መልስ ማግኘት ቀላል ነገር አልነበረም።

በታይናን ከተማ አንድ ፕሮግራመር በግሉ የጀመረውን ሐሳብ ወደ ካቢኔው ያደረሱት፣ በወቅቱ ያለ ሚኒስቴር ሚኒስትር የነበሩት ኦድሪ ታንግ ናቸው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ትምህርት ቤት ለቀው በፕሮግራመርነት የሠሩትና በ2016 በ35 ዓመታቸው የተሾሙት ታንግ፣ ከጤና መድን አስተዳደሩ ጋር ተነጋግረው ከ6,000 በላይ የሆኑ ፋርማሲዎች ክምችት ለማንኛውም ፕሮግራመር ክፍት እንዲሆን አደረጉ። በዚህም የተነሳ ከአንድ ይፋዊ መተግበሪያ ይልቅ ብዙ ካርታዎች፣ ለዓይነ ስውራን በድምፅ የሚመልሱም ጭምር ተሠሩ። የአገልግሎቱ ዋነኛ ብልጫ ይህ ይመስለኛል፤ አንዱ ያልተመቸው ተጠቃሚ ሌላውን ይመርጣል።

ጉድለቱ የታየው ፋርማሲው ውስጥ ነው። አንዳንድ ፋርማሲዎች ጠዋት የወረፋ ቁጥር አድለው ካርዱን የሚመዘግቡት ቆይተው፣ በካርታው ላይ ክምችቱ የሚቀንሰውም ካርዱ ሲመዘገብ ስለነበር፣ ካርታው አለ የሚለው ጭምብል አስቀድሞ ለሌላ ሰው ተይዞ ይገኝ ነበር። አንድ ፋርማሲስት መተግበሪያውን አትመኑ የሚል ማስታወቂያ እስከ መለጠፍ መድረሱን ታንግ ራሳቸው ተርከውታል። ባለሥልጣን እንዲህ ያለውን ነቀፌታ በራሱ አንደበት ሲያወሳ ብዙ ጊዜ አይሰማም፤ ቅሬታው ከተሰማ በኋላም አሠራሩ እንዲስተካከል ተደርጓል።

ታንግ ከኦገስት 2022 እስከ ሜይ 2024 የዲጂታል ጉዳዮች ሚኒስቴር የመጀመሪያ ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል። ይህኛው ሹመት የራሱ ሚኒስቴር ያለው ቢሆንም፣ የተራውን ሰው የዕለት ኑሮ በዚህ ልክ የነካ ሥራ አላየሁበትም።

ለካርታው ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን ነጥብ የቀነስኩት ዘመናዊ ስልክ በሌላቸው አረጋውያን ምክንያት ነው፤ ካርዳቸውን 24 ሰዓት ክፍት በሆኑ ሱቆች ማሽን ውስጥ አስገብተው ጭምብል ማዘዝ የቻሉት ከሁለት ወር በኋላ፣ በኤፕሪል 2020 ነበር።